አያመኝም ማለት ጤነኛ ነኝ ማለት አይደለም

 

ዛሬ ስለ ኮሌስትሮል ነው የምጽፈው። ቅርያት ማላኪም ሆነ ገደራና ያቭኔ፣ ብዙ ቤት ስትገቡ ፍሪጁ አናት ላይ የኮሌስትሮል ኪኒን ተቀምጦ ታያላችሁ። የሚዋጠው ግን ስንቱ ነው? "ምንም ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?" ይላሉ አባቶቻችን። እናቶቻችን ደግሞ "እኔ ቀጭን ነኝ፣ ምን ስብ አለኝና!" ይላሉ።

ባደጉበት አገር በሽታ ማለት አልጋ ላይ የሚጥል ነገር ነበር፤ ወባ፣ ተስቦ፣ ቁርጥማት። ኮሌስትሮል ግን አያምም፣ አያተኩስም። አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ስለሆነ ቀጭን ሰውም ይበዛበታል። ኤልዲኤል የሚባለው ዓይነት በደም ስር ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ያ ጥርቅም ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል፣ መንገዱም ይዘጋል። ያኔ "ትናንት ደህና ነበር እኮ!" ይባላል። ኪኒኑም የሚሠራው እስከተዋጠ ድረስ ነው፤ ከተተወ በጥቂት ሳምንታት ቁጥሩ ወደነበረበት ይመለሳል።

በሙሴ ዘመቻ (1984-85) ሆነ በሰሎሞን ዘመቻ (1991) የመጡት ወገኖቻችን ያኔ ሲመረመሩ ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ ነበር። ደማችን አልተለወጠም፣ ኑሯችን ነው የተለወጠው። የጤፉን ቦታ ነጭ ዱቄትና ሩዝ ያዘው፣ የእግር መንገዱን አውቶቡስ፣ የጠላውን ኮላ። ስኳር በሽታም ተከትሎ መጣ፤ እሱ ደግሞ የልብ በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። ሽሮን አልከስም! የምከሰው ቡሬካሱንና ማርጋሪኑን ነው። ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ክብ ምልክት አለ፤ እሱን ለማየት ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሕፃን ልጅን ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ማድረግ ነው። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያስረዳል፣ ልጁ "ኪኒን ዋጪ አለሽ" ብሎ ይጨርሳል። ልጁ ምን ያድርግ? ጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉት አዟል። ስለዚህ ኩፓት ሖሊም ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ከዚያ "ኤልዲኤሌ ስንት ነው? ለእኔስ ስንት መሆን አለበት?" በሉ። ለሁሉ አንድ ቁጥር የለም። ለአንዱ 120 ላያሳስብ ይችላል፤ ልቡን ታሞ ለሚያውቅ ግን ከ70 በታች፣ አንዳንዴም ከ55 በታች ይፈለጋል። (አውሮፓ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁ ላይ 3 ወይም 4 ቢል አትደናገጡ፣ መለኪያው ሌላ ነው፤ በ39 ገደማ አባዙት።)

ደረት ላይ የሚጫን ነገር ከመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ካላበ፣ "እስኪ ልጄ ከሥራ ይምጣ" አይባልም። በሴቶች ላይ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሆኖም ሊመጣ ይችላል። የሚደወለው 101 ነው፣ ወዲያው።