ውሻው ቢያመልጥም ኃላፊው ማነው?

«መሐል ሜዳ ነዋሪ የሆንኩ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ባለፈው እሑድ ውሻዬ ሰንሰለቱን በጥሶ የጎረቤታችንን ልጅ እግሯን ነከሳት። ቤተሰቦቿ የሐበሻ መድኃኒት ሰጥተዋታል። አባቴ ‹አምልጦ ለነከሰ ውሻ ሰው አይጠየቅም› ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?»
ግራ የገባኝ ነኝ

ግራ የገባህ ወንድማችን፣ ከሕጉ በፊት ልጅቷ ትቅደም! ንክሻ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። አሁንም «ቀኑ አልፏል» ሳትሉ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ የሐበሻ መድኃኒት ደግሞ ክትባቱን አይተካም። ውሻውን አትግደለው፤ አስረህ 10 ቀን ጠብቀው። ከታመመ ወይም ከሞተ ለሐኪሙ ቶሎ ንገር።

ወደ ሕጉ ስንመጣ አባትህ ተሳስተዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ክስ ሳትጠብቅ የሕክምናውን ወጪ ሸፍን፤ ሽማግሌ ይዘህም ይቅርታ ጠይቅ።

ለወደፊቱ ውሻህን በየዓመቱ አስከትብ። ጓሳ ደጃችሁ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ባሌ ላይ እንደታየው በሽታው ቀይ ቀበሮንም ይፈጃል።