የጎተራ መርዝና የጉበት መድኃኒት

በአዊ ዞን በአዘናና በአካባቢዋ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ የሚያመርተው ገበሬ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ገበሬ ሁሉ፣ በጎተራ ያስገባው እህል በነቀዝ እንዳይበላበት መጣሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ነቀዙን የሚገድለው ኬሚካል በእህሉ ላይ ቀርቶ ወደ ቤተሰቡ ገበታ ሲደርስ ሸክሙ የሚወድቀው በጉበት ላይ ነው። ከምግብ ጋር የሚገባውን መርዝ ለውጦ የሚያስወግደው ጉበት በመሆኑ፣ መርዙ ሲበዛ እርሱም ሊጎዳ ይችላል።

የዚህ ጉዳት ከባድ ምሳሌ የታየው በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በሕርሚ ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሆድን የሚነፋና ውኃ የሚያስቋጥር የጉበት በሽታ ብዙ ሰዎችን አጠቃ፤ ሕይወትም አጠፋ። መንስኤው ለዓመታት ሳይታወቅ ከቆየ በኋላ፣ አጀራተም ኮኒዞይድስ የተባለ አረም ዘር ከእህል ጋር ተደባልቆ መበላቱ ተደረሰበት። በዘሩ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ወደ ኃይለኛ መርዝነት የሚለውጠው ጉበት ራሱ ሲሆን፣ መርዙም የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት ደግሞ በሽታው ከአረሙ መርዝ ጋር ከዲዲቲም ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ሁለቱ ሲደራረቡም ጉዳቱ እንደሚብስ አመለከተ።

ታዲያ መርዝ ከእፅዋት እንደሚመጣ ሁሉ፣ መከላከያስ ከእፅዋት አይገኝም ወይ? ይህ ጥያቄ በሳይንስም የተያዘ ነው። ሲሊማሪን የተባለው ከአንድ የእሾህ ዓይነት ዘር የሚወጣ ንጥረ ነገር የጉበትን ሕዋሳት ከመርዝ እንደሚከላከል በብዙ ሙከራ ታይቷል፤ በአውሮፓም ከእርሱ የተዘጋጀ መድኃኒት መርዛማ እንጉዳይ ለበሉ ሕሙማን በሐኪም ይሰጣል። የእርድና የሽፈራው ንጥረ ነገሮችም ኬሚካል በተሰጣቸው አይጦች ላይ የጉበት ጉዳትን ቀንሰዋል።

ነገር ግን በአይጥ ላይ የታየው ውጤት ለሰው መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም። በሙከራው መጠኑ ተለክቶ ይሰጣል፤ በቤት የሚጨመቀው ቅጠል ግን መጠኑ አይታወቅም። እርድ በወጥ ውስጥ ጉዳት ባይኖረውም፣ ተጨምቆ በክኒን መልክ የተዘጋጀው በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ ራሱ የጉበት ጉዳት አድርሷል። ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው የወፍ በሽታ ነው በማለት ቅጠል ብቻ እያጠጡ ማቆየትም የተጎዳውን ጉበት ሌላ ሸክም ማሸከምና የሕክምናን ጊዜ ማባከን ነው። ከዚህም በላይ መርዙ በየቀኑ ከጎተራ እየተዘገነ የሚበላ ከሆነ፣ የትኛውም ቅጠል ሊያስጥለው አይችልም።

ስለሆነም ዋናው መከላከያ ያለው በማሳው፣ በአውድማውና በጎተራው ነው። በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ኃላፊነት ከፍተኛ ነው። አንደኛ፣ አረም ዘር ሳይቋጥር እንዲነቀል፣ እህልም ከመፈጨቱ በፊት በደንብ እንዲበጠርና እንዲነፋ አባላትን ማስተባበር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን የፈቀደው እንደ ወባ ትንኝ ያሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ በመሆኑ፣ በማሳና በእህል ላይ እንዳይነሰነስ መቆጣጠር ይገባል። ሦስተኛ፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እንደሚያዘው የተመዘገበ መድኃኒት ብቻ እንዲገዛ፣ አጠቃቀሙም ከግብርና ባለሙያ ጋር በመመካከር እንዲሆን ማድረግ ነው። የመድኃኒት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን የውኃ መያዣ መሆን የለበትም።

በመጨረሻም፣ በአንድ መንደር ከአንድ በላይ ሰው ሆዱ ሲነፋ ወይም ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ከታየ፣ መሪው ለጤና ጣቢያው ወዲያው ማስታወቅ አለበት። ከሚበሉት እህል ናሙና አብሮ ቢቀርብ ምርመራውን ያፋጥናል። በሕርሚ መንስኤው እስኪታወቅ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤተሰቦችም በዚያ ጊዜ ሁሉ ያንኑ እህል ሲበሉ ኖረዋል።