የሕሙሙ ፈቃድ

ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ መንገደኛ፣ በኮተቤ በኩል ቢሄድ ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ ተሠርቶ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ የሆነውን የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታልን፣ በሲኤምሲ በኩል ቢሄድ ደግሞ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና በጎዳና የወደቁ የአእምሮ ሕሙማንን የሚሰበስበውን መቄዶንያን ያገኛል። ስለ እንዲህ ያሉ ቤቶች ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የአልጋውን ማነስ፣ የመድኃኒቱን መወደድና የለጋሹን ቸርነት ነው፤ እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ስለሚመስለኝ ጥያቄ፣ ይኸውም ሕሙሙ ወደ ሕክምና የሚገባው ወድዶ ነው ወይስ ተገድዶ፣ ተገድዶስ ከሆነ ያስገደደው ማን ነው፣ እስከ መቼስ ነው ስለሚለው ነገር ጥቂት ለመጻፍ አስቤአለሁ።

በከተማችን ልማድ ይህን የሚወስነው ቤተ ዘመድ ነው። እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ፣ እናቱ ያቀረበችለትን እህል መርዝ አለበት ብሎ የሚመልስ ጎልማሳ አስቀድሞ ወደ ጸበል ይወሰዳል፤ በዚያም እንዳይሮጥ ወይም ራሱን እንዳይጎዳ ተብሎ በሰንሰለት ሊታሰር ይችላል፤ ሳይሻለው ሲቀርም ወንድሞቹና ጎረቤቶቹ ደግፈውም ይዘውም ሐኪም ቤት ያደርሱታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በፍቅርና በጭንቀት መሆኑ ባያጠራጥርም፣ የእርሱን ፈቃድ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በቦሌ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ የምትሠራ ወጣት ደግሞ፣ ሐሳቧ መጨለሙን ራሷ ተረድታ ሆስፒታል ልትተኛ ስታስብ፣ ሰፈር ሰምቶ ስሟን እንዳያጠፋው፣ አለቃዋም ከሥራ እንዳያሰናብታት ሠግታ ከበር ትመለሳለች። እንግዲህ ያልፈቀደው ይገባል፤ የፈቀደችው ትቀራለች።

ሕጋችንም ቢሆን ሁለቱን አይለይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 341 እንደሚደነግገው፣ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመጠበቂያ ቤት የተቀመጠ ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ሆኖ ይቈጠራል፤ በዚያ ጊዜ የፈጸማቸውንም ውሎች እርሱ ራሱ፣ ወኪሎቹ ወይም ወራሾቹ ሊቃወሟቸው ይችላሉ። የድንጋጌው አሳብ ሕሙሙን ከአታላይ ለመጠበቅ መሆኑ ባይካድም፣ በእግሩ ሄዶ የተኛውንና ተይዞ የገባውን በአንድ ሚዛን ስላስቀመጠ፣ ለመዳን ብሎ ወድዶ የገባው ሰው በዚያው ሰዓት የፊርማውን ክብር ከደጅ ጥሎ እንዲገባ ያስገድደዋል።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ወንጀል ሠርቶ በአእምሮ መታወክ ምክንያት ኀላፊነት የሌለበት ሆኖ የተገኘውን ሰው፣ ፍርድ ቤት በሕክምና ቤት እንዲቀመጥ ባዘዘ ጊዜ ውሳኔው በየ2 ዓመቱ እንዲመረመር ማዘዙ ነው። እጁን በማንም ላይ ሳያነሣ ዘመዶቹ ያስገቡት ሕሙም ግን፣ ምንም እንኳ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ማንም ከሕግ ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንዳያጣ ቢደነግግ፣ ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ሕግ ስለሌለን፣ ዳኛ ሲመረምርለት አይታይም።

ማስገደድ ከቶ አይገባም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የጉዳት መኖር ነጻነትን ለመግፈፍ ምክንያት እንዳይሆን ስለሚያዝ ክርክራቸው የዋዛ አይደለም። እኔ ግን ራሱን ሊያጠፋ የቆመውን ሰው ፈቃዱ ነው ብሎ ማለፍ ምሕረት አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምታስበውን፣ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን መጻጉዕን ጌታ የፈወሰው መዳን መውደዱን ከጠየቀው በኋላ ነው፤ በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር የሚያድረውን፣ ሰንሰለት የሚበጥሰውን ሰው ግን ይህን ሳይጠይቅ ፈወሰው፤ ይመልስ ዘንድ ልቡናው ከእርሱ ጋር አልነበረምና። ነገር ግን ልቡናው በተመለሰ ጊዜ ያ ሰው ለብሶ ተቀመጠ፤ የሚሻውንም በገዛ አፉ ለመነ፤ ወደ ቤተ ሰቦቹም ተሰናበተ። ግዴታ ሥፍራ ያለው ልቡና እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን ቢያልፍ እስራት ይባላል።

የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት አማኑኤል ሆስፒታል በተከፈተበት ዘመን አገራችንን ወርራ የነበረችው ጣሊያን እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ፣ ያለ ፈቃዱ የሚገባ ሕሙም በ2 ሐኪሞች ምስክርነትና በከንቲባ ትእዛዝ፣ ዳኛ በቶሎ እየመረመረው፣ ለ7 ቀን እንዲታከም፣ ጊዜው የሚራዘመውም ምክንያቱ እንደገና ሲገለጽ እንዲሆን ወስናለች። እኛም ከንቲባውን ትተን የቀረውን ብንወስድ፣ በዚያም ላይ ከ2ቱ ሐኪሞች አንዱ ከሌላ ሐኪም ቤት ቢመጣ፣ ምክንያቱ ለሕሙሙ በሚሰማው ቋንቋ ቢነገረው፣ ቀኑ ቢቈረጥ፣ ልቡናውም እንደተመለሰ ፈቃዱ እንደ አዲስ ቢጠየቅ፣ ወድዶ ለገባውም የቁጥር 341 ቀንበር ቢነሣለት፣ በፈቃድ የሚገባው ይበዛል፤ በግድ የሚወሰደውም ያንሳል። ለጊዜው ግን ከሕግ አውጪዎቻችን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ማንንም ያልበደለው ሕሙም ቢያንስ ወንጀል የሠራው የሚያገኘውን ያህል ዳኛ ያግኝ።