ላልተሳካ ምኞት ጥፋተኛው ማን ነው?

ስልክ በደረሰበት ሁሉ «የስበት ሕግ» የሚባለው ትምህርትም አብሮ ደርሷል፤ አሶሳም አልቀረባትም። የምትፈልገውን እንዳገኘኸው አድርገህ በሐሳብህ ሣለው፣ በስሜትህ ኑርበት፣ ይመጣልሃል ይላል። ወጣቶቹ ማኒፌስቴሽን ይሉታል። ምኞቱን አልነቅፍም። ሥራ የሚፈልግ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ማታ ከመተኛቱ በፊት ራሱን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ቢያይ ማንን ይጎዳል? የሚያሳስበኝ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር የሚመጣው ነው። «ጠርጥሬ ነው ያበላሸሁት» ይላል ልጁ። ቀጥሎ መጠርጠሩን ይፈራል፤ ከዚያም መፍራቱን ራሱን ይፈራዋል። ሥራ አጥቶ የነበረው ሰው አሁን እንቅልፉንም አጣ።

ይህን ጸጸት የሚወልደው ትምህርቱ ራሱ ነው። ምኞት ሲሰምር የሐሳብህ ኃይል ነው ከተባለ፣ ሳይሰምር ሲቀር ጥፋቱ በሐሳብህ ላይ ከመውደቅ ሌላ መሄጃ የለውም።

ትምህርቱን ካስፋፉት አንዱ ባርቤዶስ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ኔቪል ጎዳርድ (1905–1972 እ.ኤ.አ.) ነው። እሱ እንደሚተርከው መምህሩ ኒው ዮርክ ውስጥ ያገኘው አብዱላህ የሚባል ትውልደ ኢትዮጵያዊ አይሁዳዊ ነበር። ጎዳርድ ወደ አገሩ መሄድ ፈልጎ ለመርከብ የሚከፍለው ሲያጣ፣ አብዱላህ ባርቤዶስ እንደደረሰ ሰው ሆኖ እንዲተኛ አዘዘው። እንደተባለውም አደረገ፤ ወንድሙ ቲኬት ላከለት። ታሪኩን የሚደጋግሙት ሁሉ የሚያዩት የሐሳቡን ኃይል ነው። እኔን የሚይዘኝ ወንድሙ ነው። የጎዳርድ ቤተሰብ ነጋዴ ነበር፤ ንግዱም አድጎ በባርቤዶስ ከታወቁት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። ቲኬቱን ሊገዛ የሚችል ወንድም ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ እምነት የት ያደርሰው ነበር? ወንድም የሌለው ሰው መርከቡ ሲቀርበት ለምን ራሱን ይወቅሳል?

የእኛ ሰው መመኘትን ከማንም አልተማረም። በርታው ዱዓ ያደርጋል፤ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ስለት ይሳላል። በዱዓም በስለትም ውስጥ ግን ከተመኚው ሌላ ሰሚ አለ። ሰሚው ሊሰጥ፣ ሊያዘገይ፣ ሊከለክልም ይችላል። ስለቱ ያልሠመረለትን ሰው ልብህ ለአፍታ ስላመነታ ነው ብሎ የሚከስሰው ጎረቤት አላውቅም፤ ሰውየውም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሄዳል። አዲሱ ትምህርት ሰሚውን አውጥቶ ለማኙን በቦታው አስቀመጠውና ሸክሙን ሁሉ አሸከመው።

ክልላችን ውስጥ ይህ ትምህርት ከባድ ነገር የሚሆነው በመተከል ዞን በደረሰው ምክንያት ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ በሚባል ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በዚያ ዓመት በዞኑ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። የደረሰብህ ሁሉ የሐሳብህ ነጸብራቅ ነው የሚል ትምህርት በዚህ ሕዝብ ፊት እንዴት ይነገራል? ሌሊት ተኝታ የነበረች እናት ምን አስባ ነው ያን የሳበችው? በጉሙዝ የዕርቅ ሥርዓት በማንጌማም ሆነ በሺናሻው በኔሞ ሽማግሎች ሲቀመጡ የሚያጣሩት ማን ምን እንዳደረገ ነው። ጥፋት ባለቤት አለው። ተጎጂውን በልቡ ስላሰበው የሚመረምር ሽምግልና የለም።

ሌላም ጸጸት አለ፤ በተለይ ከዚያ መከራ የተረፉት የሚያውቁት። ወንድሜ በመጠለያ እያለ እኔ እንዴት የራሴን ቤት እመኛለሁ የሚለው። ይህን ጸጸት አከብረዋለሁ፤ ከፍቅር የመጣ ነውና። ግን፣ እህቴ፣ ያንቺ አለመመኘት ለወንድምሽ አንድ ቆርቆሮ አይጨምርለትም። ቤት ሲኖርሽ እሱን የምታስጠጊበት ጣሪያ ይኖርሻል። ተመኚ።

ወደ ጥርጣሬ ልመለስ፤ ብዙ የተበደለ ነገር ስለሆነ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጋብሪዬሌ ኦቲንገን ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው ጥናት ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን ተከታትላለች። እንደሚሳካላቸው የሚጠብቁት የተሻለ ቀነሱ። ስኬቱን በምናባቸው አስጊጠው ሲያዩ የከረሙት ግን ያንን ካላደረጉት ያነሰ ቀነሱ። በኋላ የደረሰችበት መንገድ ምኞትህን ካየህ በኋላ መሰናክሉን አጥርተህ እንድታይ የሚል ነው። መሰናክሉን የሚያሳይህ ደግሞ ያ የተፈራው ጥርጣሬ ነው። መንጌና ኩርሙክ ወርቅ የሚያጥቡ እናቶች ይህን ለማወቅ ተመራማሪ አላስፈለጋቸውም። አሸዋው ምንም ካላሳየ ጉድጓዱን ይጠራጠሩና ሌላ ይቆፍራሉ እንጂ ራሳቸውን አይረግሙም።

ጉባ ላይ የሆነውንም እናስብ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ሕዝቡ በሙሉ ተመኝቶታል፤ ከደመወዙ ቆርጦም ቦንድ ገዝቶበታል። በ2010 ክረምት ግን መንግሥት ሥራው መዘግየቱን፣ ሜቴክ የሚባለው ድርጅትም የተረከበውን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ መወጣት አለመቻሉን በአደባባይ ተናገረ። ውሉ ተቋርጦ ሥራው ለሌሎች ተሰጠ። ታቅደው የነበሩት 16 ተርባይኖችም በመጨረሻ 13 ሆኑ። ያን ጊዜ «ጥርጣሬ አትዝሩ፣ ሕልሙን ታበላሻላችሁ» ተብሎ አፍ ቢዘጋ ኖሮ የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያው ዩኒት ኃይል ባላመነጨ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ምረቃም ባልኖረ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥርጣሬው በጊዜ ተነግሮ ወደ ሥራ ተለወጠ።

ስለዚህ ወጣቱ ነገ ማመልከቻውን ሲጽፍ ልቡ ቢያመነታ፣ ያመነታበትን ነገር ወረቀት ላይ ያስፍረው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ካለ የሚያጠናበት ሰዓት ይመድብ። ዘመድ የለኝም ካለ ከእሱ ቀድሞ የተመረቀ አንድ ሰው ፈልጎ ይጠይቅ።

አሶሳ፣ ባምባሲና ግልገል በለስ አዳራሽ ይዛችሁ ለምታሠለጥኑ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከፊታችሁ ከተቀመጡት መካከል ቡለን ላይ ቤተሰቡን የቀበረ ሊኖር ይችላል። የሕይወትህ ፈጣሪ አንተ ነህ ብላችሁ አትጀምሩለት። የደረሰብህን ያመጣው ያንተ ሐሳብ አይደለም በሉት። ከዚያ የሚፈልገውን ጠይቁት፤ ቤት ነው ካላችሁ ስለ ቦታው፣ ስለ ብድሩና ስለ ቆርቆሮው ዋጋ አብራችሁት ተነጋገሩ።