ስሙን ወስደን ፈረሱን ጣልነው

ባለፈው የካቲት ከደሴ ስንመለስ አውቶቡሳችን ጣርማ በር ላይ፣ ከዋሻው ትንሽ አለፍ ብሎ ጎማ ሊቀይር ቆመ። የጣርማ በርን ጉም የቀመሰ ያውቀዋል፤ አጠገብህ ያለውን ሰው ይደብቅብሃል። ጉሙ ገለጥ ሲል አስፋልቱ ዳር አንድ ዳማ ፈረስ ቆሞ አየሁ። ጀርባው ተልጧል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

"የማን ነው?" አልኩት አንዱን የአገሩን ሰው።

"የማንም አይደል ጌታዬ። አርጅቶ ነው የለቀቁት። ሲመሽ ጅብ ይገላግለዋል።"

አውቶቡስ ውስጥ ስመለስ ሬዲዮኑ ስለ አድዋ ያወራል። "አባ ዳኘው! አባ ነፍሶ! አባ ቃኘው!" እያለ ይፎክራል። ተሳፋሪው ደረቱን ነፍቷል። እኔ ግን አፈርኩ።

ለምን አትሉኝም? ዳኘው እኮ ፈረስ ነው! እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ "አባ ዳኘው" የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉትም እንዲሁ። በ1943 ዓ.ም. ኮርያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። መቀሌ ስትወርዱ አውሮፕላን ማረፊያው "አሉላ አባ ነጋ" ነው። ጅማ ስትወርዱ "አባ ጅፋር"። ሁለቱም የፈረስ ስም ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያውን በፈረስ እየጠራ ፈረሱን ለጅብ የሚሰጥ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ካለ ንገሩኝ።

አበው "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላሉ። እሺ፣ አደረሰን። ካደረሰን በኋላስ?

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1791 የእሽቅድምድም ፈረሶቻቸውን የዘር መዝገብ አሳተሙ። 18 ጊዜ ተወዳድሮ አንዴም ያልተሸነፈው ኢክሊፕስ እናትና አባቱ እነማን እንደሆኑ ዛሬም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1930 የሜልቦርንን ዋንጫ የወሰደው ፋር ላፕ ሲሞት ቆዳው ሜልቦርን፣ ልቡ ካንቤራ፣ አጽሙ ኒውዚላንድ ተቀመጠ። ለአንድ ፈረስ ሦስት ቤተ መዘክር! እነሱም ቢሆኑ ጻድቃን አይደሉም፤ ከእሽቅድምድሙ ጀርባ ውርርድ አለ፤ ያልሮጠውን ለቄራ የሚሸጥም አይጠፋም። ግን ባለውለታቸውን መዝግበዋል። እኛ ዳኘው መልኩ ምን እንደነበር፣ የት እንደሞተ ስንቶቻችን እናውቃለን?

"ሰው በሚራብበት አገር ስለ ፈረስ ታወራለህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወዳጄ፣ ስለ ሰውም እኮ ነው የማወራው። በየከተማችን ከገበያ እህል፣ ከወፍጮ ዱቄት፣ ከግንባታ አሸዋ የሚያጓጉዘው የጋሪ ፈረስ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሲታመም ቤተሰቡ አብሮ ይታመማል። ባለጋሪውን አልወቅስም፤ እሱ ከፈረሱ ጋር የሚራብ ምስኪን ነው። የምወቅሰው እኛን ነው፤ በበዓል ቀን ጎፈር ደፍተን በፈረስ ስም የምንፎክረውን፣ በማግስቱ ከአቅሙ በላይ በተጫነ ጋሪ ላይ ተቀምጠን "ግረፈው እንጂ፣ ረፈደብኝ!" የምንለውን።

አይቻልም እንዳትሉኝ። እንጅባራ ሂዱና እዩ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጥር 23 በየዓመቱ ፈረሱን አስጊጦ ይወጣል። አርሶ አደሩ በራሱ ማኅበር ያቆየውን ክብር ባለ ቢሮውና ባለ በጀቱ እንዴት ያቅተዋል?

የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። ጋሪ የሚፈቅድ ማዘጋጃ ቤት የጭነት ልክ ይወስን፤ የእንስሳት ሐኪም ይመድብ። ያረጀ ፈረስ መንገድ ላይ መጣል ነውር ብቻ ሳይሆን ጥፋት ይሁን። በጥምቀት ጉግስ የሚያዘጋጅም የጋላቢውን ስም ሲጠራ የፈረሱንም ይጥራ፤ ይጻፈውም። ይህ ስንት ብር ይፈጃል?

ይህን ማድረግ ካልቻልን ግን የአያቶቻችንን የፈረስ ስም ከምላሳችን እናውርድ። ስሙ የኛ አይደለም፤ ጣርማ በር ጉም ውስጥ ቆሞ ጅብ የሚጠብቀው የዚያ ዳማ ነው።

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።