አስታማሚውንስ ማን ያስተምረው?



ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴ ነጠላቸውን ለብሰው «ልጆቹ ከትምህርት ቤት አልተመለሱም» እያሉ ወደ ውጭ ሊወጡ ከበር ቆመው አገኘኋቸው። እኔም በቍጣ «ልጆቹ እኛ ነን፤ አድገናል!» ብዬ ጮኽሁባቸው። እናቴ ደንግጠው አለቀሱ፤ እኔንም እንደ ሌባ አዩኝ። የሰው ልጅ የማስተምር መምህር ሆኜ ይህን ሳላውቅ መኖሬ አሳፈረኝ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው «ጃጀ» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ዳሩ ግን ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ይህ የመርሳት ሕመም የአንጎል በሽታ እንጂ የእርጅና ጠባይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ሕመምተኞቹ 57 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት እንደ እኛ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። የሚያስታምማቸውም ነርስ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። እኅቴ ሥራዋን የለቀቀችው ስለዚሁ ነው፤ ምን ማድረግ እንደሚገባት ግን ማንም አላስተማራትም።

የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 የቂልነት ትርጕም የነበረበትን የበሽታውን ስም ለወጠ። በ2005ም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ትምህርት ለባንክ ሠራተኛ፣ ለፖሊስ፣ ለባለሱቅና ለተማሪ ይሰጥ ጀመር፤ እስከ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተምረውታል። በርግጥ ጃፓን ሀብታም ናት፤ ከ2000 ጀምሮ ለአረጋውያን መጦሪያ የሚሆን ኢንሹራንስ ስላላት፣ እሱን ዛሬውኑ እናምጣ አልልም። ይህ ትምህርት ግን አንድ ክፍልና አንድ አስተማሪ ካገኘ ይበቃዋል። ለአስታማሚዎች የሚሆን መምሪያም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቷል።

አንድ ሐኪም በአሥር ደቂቃ የነገረኝ፣ ከሕመምተኛ ጋር ክርክር እንዳልገጥም ነው። አሁን እናቴ ልጆቹን ሲጠይቁኝ «እስቲ ስለ እነሱ ያጫውቱኝ» እላቸዋለሁ፤ ጥቂት ተጫውተው ይተኛሉ። ይህን ያህሉን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ቢነግሩንስ? የመሥሪያ ቤት አለቆችስ ያረፈደውን ሠራተኛ ደመወዙን ከመቍረጣቸው በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ቢጠይቁት ምን ይጎዳሉ?

እኅቴ እንድታርፍ ቅዳሜን እኔ ይዤአለሁ። የቀሩት ስድስቱ ቀናት ግን አሁንም የእሷ ናቸው።

አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ