ቪሊንን ለፈተና ብቻ አንያዘው



በጀመዓችን የጥናት ክበብ ስለ አንጀት ስናነብ ብዙዎቻችን «ቪሊን፣ ፊምብሪን፣ ኤስፒን» እያልን ስም እንሸመድዳለን። ፈተናው ሲያልፍ ስሞቹም አብረው ያልፋሉ። ይህ አጠናን መቀየር አለበት እንላለን።

እስቲ ነገሩን እንየው። ምግብ የሚመጥጠው የትንሹ አንጀት ሴል ጫፉ ላይ እስከ 3,000 የሚደርሱ ማይክሮቪላይ የሚባሉ ጥቃቅን ጣቶች አሉት። የእያንዳንዳቸው ቁመት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በውስጣቸው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ የአክቲን ክሮች ቆመዋል፤ ሦስቱ ፕሮቲኖች ክሮቹን እንደ ጭራሮ እስር አጥብቀው ይይዟቸዋል። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝም፣ ግሉኮስን ከሶዲየም ጋር ወደ ሴሉ የሚያስገባው ፕሮቲንም መቀመጫቸው እዚሁ ነው።

አሁን «ቢፈርስስ?» ብለን እንጠይቅ። ሕፃናትን ለተቅማጥ የሚዳርገው ኢፔክ የተባለው የኢ ኮላይ ዓይነት ሴሉ ላይ ተጣብቆ ማይክሮቪላዩን ያጠፋል። የሴሉን አክቲን ወስዶም ለራሱ መቆሚያ መደብ ይሠራበታል! ላክቴዙ አብሮ ሲጎዳ ያልተፈጨው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ባልተጎዳው ክፍል ግን ግሉኮስና ሶዲየም አሁንም አብረው ይገባሉ፤ ውሃም ይከተላቸዋል። ኦ አር ኤስ ውስጥ ስኳርና ጨው አንድ ላይ የተደረጉት ለዚህ ነው። ነገ ጤና ጣቢያ ስንመደብ ለእናቶች የምናስረዳው ይህንኑ ነው።

«ፈተናው የሚጠይቀው ስም ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ስሙም ያስፈልጋል። ግን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሦስቱም ፕሮቲኖች የሌሏቸው አይጦች ሲመረመሩ ማይክሮቪላዩ አጠረ እንጂ አልጠፋም፤ ይልቁንም ላዩ ላይ መቀመጥ የነበረባቸው አንዳንድ ፕሮቲኖች በቦታቸው መቆየት አልቻሉም። ስለዚህ እስሩ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ማስቀመጫም ነው። ስም ብቻ የሸመደደ ተማሪ ይህን ከየት ያገኘዋል?

ስለዚህ ቲቶሪያል የምትሰጡ ሲኒየሮች ሆይ! እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ «ይህ ባይኖር ምን ይሆናል?» በሚል አንድ ጥያቄ ጀምሩልን። ጁኒየሮችም መልሱን ሳታገኙ አትነሱ። ዕውቀት አማና ነው፤ የነገ ታካሚዎቻችን ሐቅ አለበት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።